ጽናትን የያዛት ማን ነው

ጽናት ዘመሮ ከተማ ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልትወስድ ወደ ቤት ትመጣለች። ብሔራዊ ፈተናው ሲቃረብ የመጣችውን ልጅ ግን እናቷ አማከለች አላወቀቻትም። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ደም መስሏል፤ ውሻ ሲጮህ ከመደቡ ብድግ ትላለች። እንጀራ ሲቀርብላት ዝም ብላ ታየዋለች። ደረቷን ብትዳብሳት ልቧ የተባረረች ዶሮ ልብ ይመስል ይመታል።

አማከለች መጀመሪያ የጠረጠረችው ወንድ ነበር። ቦርሳዋን ፈተሸች፣ ቀሚሷን አሸተተች፤ ምንም የለም። ወንድ ካልሆነ እንግዲህ ዓይን ነው። የማን ዓይን? ለዚህ ብዙ አልተቸገረችም። ጎረቤቷ የትምወርቅ ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከራቤል አገር በጋብቻ የመጣች። ባለፈው ሰሞን ልጅቱን አጥር ሥር አግኝታ ቁመናዋን አድንቃ፣ ዶክተር ትሆናለች ብላ ነበር። የመላእክትን ስም ሳትጠራ፣ ሳታማትብ! አማከለች ያን ቀን ሆዷ ፈርቶ ነበር፤ አሁን ፍርሃቷ ልክ ሆኖ ታያት።

ቡናን ማንም አላሰበም። የጽናት አባት ቄስ ገብረ አማኑኤል እንደ አባታቸውና እንደ አያታቸው፣ ቡና ለካህን ነውር ነው ብለው ቤታቸው አያስገቡም፤ ሽታውንም አይወዱት። ታዲያ ሚስታቸው ቡና ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከየት ትወቀው?

ልጅቱ ፈተናዬ ደረሰ ብላ ብታለቅስ ማን ሰምቷት። በፈረስ ጭነው በጓሳ ተራራ ጥግ ወዳለው ጠበል ወሰዷት። የቦታው ደንብ ጥብቅ ነው፤ ከገብስ ቆሎና ከጠበል በቀር አይቀመስም። በማግሥቱ ጽናት ራሷ ሊፈነዳ ደረሰ፣ አስመለሳት፣ ጮኸች። አማከለች ደስ አላት፤ ሊለቃት ነው አለች። አጥማቂው መነኩሴ በመስቀል እየዳበሱ የያዛት ማን እንደሆነ፣ ከማን ቤት እንደመጣ ደጋግመው ጠየቁ። ልጅቱ የምትፈልገው መተኛት ብቻ ነበር። ሳትናገር እንደማይለቋት ሲገባት፣ እናቷ መንገዱን ሁሉ ስታንሾካሹክ የዋለችውን ስም ጠራች።

"የትምወርቅ ነኝ።"

እልልታው ቀለጠ። ጽናት ተኛች፤ ሲመሽም ሲነጋም ተኛች። ስትነቃ እጇ ረግቷል፤ ቆሎውን ሙልጭ አድርጋ በላች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ወሬው ቀድሟቸው መንደር ገባ። የትምወርቅን ማኅበር የሚጠራት ቀረ፤ ገንቦዋን የሚገዛት ጠፋ፤ ልጆች ደጇን በሩጫ ያልፉ ጀመር።

ይህን ያየችው ጽናት አንጀቷ አልችል ሲል እናቷን ለብቻዋ አገኘቻት።

"እቴቴ፣ ቡና ነው። እዚያ ኪራይ ቤት ከጓደኞቼ ጋር እንቅልፍ እንዳይጥለን ጥቁሩን በብርጭቆ እየጠጣን ስናነብ እናድር ነበር። አተላውን ሳይቀር። እትዬ የትምወርቅ ምንም አላደረጉኝም።"

"ታዲያ ስሟን ለምን ጠራሽ?"

"እንድተኛ።"

አማከለች አመነቻት፤ አፈረችም። ለቄሱ ልትነግራቸው ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። የቄስ ልጅ ቡና ጠጪ፣ ያውም በመስቀል ፊት የዋሸች! ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ነገ አሳለፈችው።

ጽናት ወደ ዘመሮ ልትመለስ ስትሰናዳ የትምወርቅ ራሷ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ በትንሽ ማሰሮ ቅቤ ይዛ እጇን ዘረጋች።

"እንኳን እግዜር ማረሽ ልጄ። ለፈተናሽ መበርቻ ይሁንሽ።"

ጽናት ልትቀበል ሄደች። ሴትዮዋ ንጹሕ መሆኗን አማከለች ከማንም በላይ ታውቃለች። እያወቀች፣ በገዛ እጇ ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ከዓይን ሸፈነች።