የቡላ ተራ

ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ላሊበላ ከተመለስኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ሥራ የለኝም። ያለኝ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ፣ የማያልቅ ጊዜና እናቴ እንደምትለው ከአባቴ የወረስኩት ግልፍተኝነት ነው። እጄ እንዳይፈታ በየቀኑ ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እለማመዳለሁ። የመለማመጃ መጽሐፎቹ «ባንክ ሥሪ፣ የመኪና መሸጫ ሥሪ» ይላሉ። ባንክም መኪናም የለንም፤ ያለችን አንዲት በቅሎ ናት። በቅሎ ሠራሁ።

መጀመሪያ «በቅሎ» የሚባል ክላስ ይጻፋል። ክላስ ማለት በቅሎ የተባለች ሁሉ የምትጋራው ነገር ነው፦ ስም አላት፣ ባለቤት አላት፣ ተራ ይደርሳታል፣ ጀርባዋ ሲገጠብ ታርፋለች። ከዚያ ክላስ እውነተኞቹን በቅሎዎች አንድ በአንድ ማውጣት ነው፤ የእኛን ዳማ፣ የአያ ደግሰውን ቡላ፣ የአዳምን ጉራቻ። ወላጆቿን ልጻፍ ብዬ ፈረስንም አህያንም ባስገባ ጃቫ እምቢ አለኝ። አንድ ክላስ ከሁለት ወላጅ አይወርስም። ፈረስን ብቻ አስቀረሁ። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል፤ እንዲህ ስትል የኖረችውን ጃቫ አጸደቀላት።

ወደ አሸተን ማርያም ዳገት እንግዳ የሚያወጡ በቅሎዎች አሥራ አራት ናቸው። ተራቸውን ሃያ ዓመት በጭንቅላታቸው የያዙት አያ ደግሰው ናቸው። ማታ ማታ በየደጁ እየዞሩ «ነገ ያንቺ ነው»፣ «ነገ ያንተ ነው» ይላሉ፤ በቃ። እንግዳ እየሳሳ ከመጣ ወዲህ ግን አንዲት ተራ የሳምንት እንጀራ ሆነች፤ ሰውም መጠራጠር ጀመረ። ከሁሉ የባሰው አዳም ነው። ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የትኛዋ በቅሎ እንደወጣች በደብተር ሲጽፍ ኖሯል። አንድ ቀን ደብተሩን አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለው።

«ጽጌማርያም፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሽማግሌው ተራ ያዛባሉ። በማሽንሽ አጣሪልኝና ቅዳሜ በባለበቅሎዎች ማኅበር ፊት ይታይ። እውነት ከሆነ ከተራ አስከባሪነት ይወርዳሉ።»

ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ? ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔን ሙያ የፈለገ ሰው ተገኘ። አያ ደግሰው ዘንድ ሄጄ የተራውን ሕግ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። የተገጠበች በቅሎ ተራዋ ይቆይላታል። ባለቤቱ ሳይናገር ከቀረ ተራው ያልፋል። የጽዋ ማኅበር ድግስ ያለበት ይለዋወጣል። ሁሉንም፣ ማን መቼ እንደቀረ ጭምር፣ ጻፍኩ። ከዚያ በደብተሩ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዩኒት ቴስት አዘጋጀሁ። ትንሽ ጥያቄ ናት፦ «ትናንት እንዲህ ከነበረ ዛሬ ማን ትወጣለች?» የፕሮግራሙ መልስ ከደብተሩ ጋር ከተስማማ አረንጓዴ ይበራል፤ ካልተስማማ ቀይ።

ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሲመጣ አስነሳሁት። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። አዳም «ተዘለልኩ» የሚለው ቀን እንኳ አረንጓዴ ነው፤ ለካ ያን ቀን ሳይናገር ኮን ከተማ ገበያ ሄዶ ነበር። በመጨረሻ ግን አሥራ አንድ ቀይ ቀረ። አሥራ አንዱም አንድ ዓይነት ነው፦ ደብተሩ «ዳማ» ይላል፤ ፕሮግራሙ «ቡላ» ይላል።

ጀማሪ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አበጠርኩት፤ ስህተት የለበትም። «አንድ ያልነገሩኝ ሕግ አለ» ብዬ ዓርብ ጠዋት ወደ አያ ደግሰው ሄድኩ። ቡላ በረቱ በር ላይ ገለባ ታኝካለች፤ እሳቸው የተበጠሰ የኮርቻ ጠፍር ይሰፋሉ።

«አያ፣ አሥራ አንድ ቀን የቡላ ተራ ሆኖ ዳማ ወጥታለች። የረሳሁት ሕግ ምንድን ነው?»

መርፌያቸው ቆመ።

«ማሽኑ ይኸንንም ያያል?»

«ያያል።»

«እንግዲህ ሕግ አይደለም፣ ልጄ። ሙሉሃብት ከሞተ ወዲህ እናትሽ ምን ትሁን? እህል ብንልክላት መለሰች። ብር ብናዋጣላት ተቆጣች። ከኔ ተራ ቀንሼ «ነገ ያንቺ ነው» ስላት ግን አመስግና ትወጣለች። አላወቀችማ።»

አባቴ ሙሉሃብት ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። በአርባው ማግስት ዘመድ ያመጣውን ጤፍ እናቴ በጀርባዋ ተሸክማ ስትመልስ አስታውሳለሁ። «የሰው እጅ አላይም» አለች። ያኔ በዚያ ዳገት ሴት ልጅ በቅሎ ስትስብ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷ የዳማን ልጓም ይዛ ወጣች። በላባችን አደርን እያልኩ ስኮራ የኖርኩት በእሷ ነው። አሁን ከዚያ ላብ ውስጥ አሥራ አንዱ ቀን የኚህ ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ማን ጠየቃቸው? ወዲያው የሚሰፉትን ያረጀ ጠፍር አየሁና ንዴቴ በረደ።

«አያ፣ ነገ ይኸን ካልተናገርኩ አጭበርባሪ ብለው ያወርዱዎታል።»

«ያውርዱኝ። እድሜዬም ነው። ለእናትሽ ለይማርሽ ግን እንዳትነግሪ፣ በእመብርሃን ይዤሻለሁ። ይኸን ከሰማች ዳማን ሸጣ ቤቷን ትዘጋለች።»

ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ብናገር እናቴ ትሰበራለች፤ ዝም ብል የሃያ ዓመት ስማቸው አፈር ይበላል። ቀዮቹን ማጥፋት ቀላል ነው፤ አሥራ አንዱን ቴስት ሰርዞ «ሁሉም አልፏል» ማለት ይቻላል። እጄ ሄዶ ተመለሰ። የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ቴስት እውነቱን ስለተናገረ አይሰረዝም። ስለዚህ የጎደለውን ሕግ ጻፍኩት። በቅሎ የሚለው ክላስ ውስጥ «ተራ መስጠት» የሚል ሥራ ጨመርኩ፦ ባለቤቱ ከፈቀደ ተራውን ለሌላ ይሰጣል፤ ምክንያት አይጠየቅም። አሥራ አንዱን ቀን በዚህ አስተካክዬ ስጀምረው ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ስም ሳልጠራ የማመልጥ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ በወይራው ሥር ተሰበሰብን። እናቴ ከአባቴ ሞት ወዲህ አባል ናትና ከወንዶቹ መካከል ተቀምጣለች። አያ ደግሰው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«ስንት ቀይ?» አለ አዳም ገና ሳልከፍተው።

«ምንም። አሥራ አንድ ቀን ብቻ ተራ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛውሯል፤ ባለቤቱ ፈቅዶ ሰጥቶ ነው።»

«የየትኛዋ በቅሎ ባለቤት? ስም ጥሪ! የኔም ካለበት ልወቅ።»

ሁሉም አየኝ። አዳም እንደሆነ አይለቅም።

«የቡላ።»

አዳም ዓመት ሙሉ የሰበሰበው ማስረጃ ሽማግሌው የሰረቁትን ሳይሆን የሰጡትን ነበር። ደብተሩን ቀስ አድርጎ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ያን ጊዜ እናቴ ተናገረች።

«ለማን ሰጡ?»

አያ ደግሰው በጋቢያቸው ውስጥ «አትናገሪ» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እናቴን ዋሽቻት አላውቅም ብል ራሱ ውሸት ነው፤ ግን ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር።

«ለዳማ፣ እማዬ።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች፤ መልሳ ፈታች፤ እንደገና አጣፋች። ተነስታ የምትሄድ መሰለኝ። እሷ ግን ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች።

«ይኸ መስጠት ያልሽው ነገር፣ ለቡላ ብቻ ነው የተጻፈው?»

«አይደለም። ክላሱ ላይ የተጻፈ ለበቅሎ ሁሉ ነው።»

«ለዳማም ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ነገ የማን ተራ ነው?»

አየሁ። «የእኛ።»

«እንግዲያው ለቡላ ስጪልኝ።»

አያ ደግሰው ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገፈው ተነሡ። ጉንጫቸው ርሷል፤ ሊደብቁት አልሞከሩም።

«ኧረ ይማርሽ! እኔ መች ለምኜሽ?»

«እኔስ መች ለምኜዎት ነበር፣ አያ?» አለች እናቴ። «ይቀመጡ።»