«ጎረቤት» የተባለው ገጣሚ

«ሃያሲው» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጀሶ፣ ከሰምና አንዳንዴም ከወርቅ ጋር ይውላል። «እናንተ ስለ ሰምና ወርቅ ታወራላችሁ፤ እኔ ሁለቱንም አቅልጫቸዋለሁ» ማለት ይወዳል። ግጥም ግን አንድ ስንኝ እንኳ ጽፎ አያውቅም። ያነባል፣ ይሰማል፣ ይጠረጥራል።

ሽልማት ተሰጠ ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዳኛው ማን ነበር?» ብሎ ነው። አንዱ ገጣሚ ሌላውን በመቅድም ሲያሞግስ፣ ተሞጋሹ ብድሩን የሚመልስበትን ቀን ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ስምንት ቦታ ሰባብሮ ግጥም ነው የሚለውን፣ መድረክ ላይ እጁን ደረቱ ላይ ካላደረገ ማንበብ የማይሆንለትን፣ በየዓመቱ «የመጨረሻዬ ነው» እያለ መድበል የሚያወጣውን ሁሉ ለይቶ ያውቃል። አጠገቡ ተቀምጦ ያለቀለትን ጥርስ የሚወለውለው ባልደረባው፣ «ወፍራሙ» የሚሉት፣ አንድም የግጥም ምሽት አያመልጠውም፤ ሰኞ ሰኞ ወሬውን ተሸክሞ ይመጣል። ሁለቱ ማሽኑ እየጮኸ፣ ጀሶው እየበነነ፣ ገጣሚውን ሁሉ ሲያነሱና ሲጥሉ ይውላሉ።

በዚህ መሃል ነው የሳምንቱ መጨረሻ ጋዜጣ የግጥም ገጽ ላይ «ጎረቤት» የሚል የብዕር ስም ብቅ ያለው። ፎቶ የለ፣ አድራሻ የለ። ግጥሞቹ አጫጭር ናቸው፤ ስለ ተቀደደ መጋረጃ፣ ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ሃያሲው ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠረጥረው ነገር አጣ። እሁድ እሁድ ምሳ ላይ ለሚስቱና ለአባቱ ጮክ ብሎ ያነብላቸው፣ እዚህም እዚያም አንዲት ቃል ይተች ጀመር።

«ይሄ ሰው ማንንም ለማስደነቅ ብሎ አይደለም የሚጽፈው» አለ አንድ እሁድ።

አባቱ፣ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱና አሁን ከእነሱ ጋር የሚኖሩ ሰው፣ በድዳቸው ምግባቸውን እያላመጡ «ሥራ ፈት» አሉ። በድዳቸው መባሉ እውነት ነው፤ ልጃቸው ሦስት ሳምንት ለፍቶ የሠራላቸውን ጥርስ «ያንቀኛል» ብለው ብርጭቆ ውስጥ ነክረው ትተውታል። የሚናገሩትም ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማው። ይሄ ነገር ሃያሲውን ሆድ ሆዱን ይበላው ነበር፤ ለሰው ሁሉ የሚስማማ ጥርስ እየሠራ የገዛ አባቱ አፍ አልቀበልም አለው።

በአምስተኛው ሳምንት እንዲህ የሚል ወጣ፦

በሩ አይከፈትም ገፍተው ቢታገሉት፣
እጀታውን ይዘው ከፍ ካላደረጉት፤
ቁልፏ ሲጠፋባት ታንጎራጉራለች፣
ስታገኘው ግና ድምጿን ታጠፋለች።

አነበበው፤ ወደደውም። በሩ ላይ ግን ትንሽ ቆም አለ። የእነሱም በር እንዲሁ ነው፤ ከፍ ካላደረጉት አይከፈትም። «የስንት ሰው በር ነው እንዲህ የሆነው» ብሎ አለፈው።

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን ስትበረብር፣ ታንጎራጉር ነበር። ቀስ ያለች፣ ቃል የሌላት ዜማ። ቁልፉን አገኘችና ዝም አለች።

ሃያሲው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። አሥራ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይሄን ነገር አስተውሎት አያውቅም። ሌላ ሰው ግን አስተውሎታል። አስተውሎም ጋዜጣ ላይ አውጥቶታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። መጀመሪያ የጠረጠረው አጥር የሚጋራቸውን የመብራት ሠራተኛ ነው፤ የገጣሚው የብዕር ስም ራሱ «ጎረቤት» አይደል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሞ «ግጥም ትወዳለህ?» አለው። ሰውየው «ለምን? ሰው ሞተ እንዴ?» ሲለው ተወው። ቀጥሎ የጠረጠረው ወፍራሙን ነው። ሁለት ጊዜ እነሱ ቤት ምሳ በልቷል፤ በሩንም ያውቃል። አንድ ቀን ሙሉ በጎን እያየው ሰም ሲቀርጽ፣ የአንዲት ባልቴትን የላይ ጥርስ አጣሞ እንደገና ለመሥራት ተገደደ።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም» አለው ወፍራሙ።

«ጎረቤት የሚባለው ማን ይመስልሃል?»

«አንድ ፕሮፌሰር ነው አሉ። ሽልማቱን እየጠበቀ ነው፤ ሲሸለም ስሙን ያወጣል።»

ፕሮፌሰር። ሚስቱ የትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ባለፈው ክረምት ሥልጠና ገብታ ነበር። ማን እንዳሠለጠናት ጠይቋት አያውቅም።

በነጋታው ጋዜጣው ቢሮ ሄደ። የገጹ አዘጋጅ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ በትሕትና ሰማችው።

«የብዕር ስም የምንጠብቀው እንዲጠበቅ ስለተጠየቅን ነው» አለችው። «ግጥሞቹ በኢሜይል ነው የሚደርሱን። ሁልጊዜ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ።»

ሐሙስ ከሰዓት ሚስቱ ክፍለ ጊዜ የላትም። ቤት ነው የምትውለው። ከዚህ በላይ ምን ይጠይቅ። አመስግኖ ወጣ።

ሐሙስ ደረሰ። ራሴን አሞኛል ብሎ በስምንት ሰዓት ከሥራ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ፤ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ከፍ አድርጎ ከፈተ። ሳሎኑ ባዶ ነው። ከጓዳው ግን የወንድ ድምፅ ይመጣል። ጥርት ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ፊደሉ ሁሉ የተሟላ ድምፅ ነው፤ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቅ መሰለው። ሰውየው አንዲት ስንኝ አለ፣ ጠበቀ፣ ደገማት። የሚስቱ ሳቅ ተሰማ፤ ከልቧ ነው የምትስቀው። እንዲህ ስትስቅ ከሰማት ስንት ጊዜው።

የጓዳውን በር በረገደው።

ሚስቱ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ፣ ወንበር ላይ፣ አባቱ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሞልቷል፤ አሥር ዓመት ወጣት ሆነዋል። ጥርሱን አድርገውታል።

«ዛሬ በጊዜ መጣህ» አሉ አባቱ። «ጣ»ዋ እንደ ድንጋይ ጠንክራ ወጣች።

«አባዬ... አንተ ነህ?»

«ያለ ጥርስ ግጥም አይወጣም። ፊደሉ ይፈሳል። ለምግብ ያንቀኛል እንጂ ለዚህስ ደህና አድርገህ ነው የሠራኸው።»

ሃያሲው ግድግዳውን ተደገፈ። «ለምን ደበቃችሁኝ?»

«ካወቅህማ ታርመኛለህ» አሉ። «እንዲህ ግን እሁድ እሁድ እያነበብክ ስትተች በነፃ እሰማሃለሁ። ያቺን ‹እንባ› የምትል ቃል በዛች ስትል፣ እውነትህን ነው ብዬ ትቻታለሁ። መኪና ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስናገር የኖርኩት ለመሪው ነው፤ የሚሰማኝ አልነበረም። ይቺ ልጅ ሰማችኝ፣ ጻፈችልኝ።»

ሚስቱ ግን አባትየውን አልነበረም የምታየው። የምታየው ባሏ እጅ ላይ የተንጠለጠለውን ጫማ ነው። አየችው፣ ካልሲውን አየች፣ ፊቱን አየች። ኮምፒውተሩን ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ማንን ልትይዝ ነው የመጣኸው?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። «ቁልፍ ስትፈልጊ እንደምታንጎራጉሪ... የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ...»

«እንደማንጎራጉር ከጋዜጣ ነዋ የሰማኸው።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አሥራ አራት ዓመት አጠገብህ ሆኜ አልሰማኸኝም። ሌላ ሰው ሲሰማኝ ደግሞ ሌባ ፍለጋ ወጣህ።»

ተነስታ በአጠገቡ አለፈች። አባቱ ጥርሳቸውን አውልቀው ብርጭቆው ውስጥ ጨመሩና ለልጃቸው እንደ ድሮው አጉተመተሙ፤ ምን እንዳሉ አልሰማም፤ ግን ሙገሳ እንዳልነበረ ገባው።

ከዚያ በኋላ ሚስቱ አላኮረፈችም፤ ብታኮርፍ ይሻለው ነበር። ጨው አቀብለኝ ትላለች፣ ደህና ዋል ትላለች፣ ከዚያ ውጪ ቃል የለም። ቁልፏን በር ላይ በተመታ ሚስማር ማንጠልጠል ጀመረች፤ መፈለጉም ማንጎራጎሩም ቀረ። ይቅርታ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። በሦስተኛው «ሰምቻለሁ» አለችው፤ ይህን ብቻ።

ለአባቱም መጻፉን ተወች። «እንግዲህ ልጅዎ ይጻፍልዎ፣ አባባ» አለቻቸው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ አለቃውን አስፈቅዶ በጊዜ እየወጣ፣ ሃያሲው ራሱ ጸሐፊ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ቃል ሊያሻሽል ሞከረ፤ አባቱ «አንተ ጻፍ ብቻ» አሉት። ሥራ ቦታ ደግሞ ወፍራሙ ስለ ፕሮፌሰሩ አዲስ ወሬ ባመጣ ቁጥር፣ ምላሱ እየበላው፣ አንገቱን ደፍቶ ጀሶውን ያማስላል። ለእሱ ዓይነት ሰው ትልቅ ቅጣት ነው።

በሰባተኛው ሐሙስ አባቱ አዲስ ግጥም ጀመሩ። በገዛ ቤቱ ጫማውን አውልቆ ስለሚገባ ሰው ነው። ሃያሲው ጆሮው ጋለ፤ ጣቶቹ ግን አልቆሙም። አባቱ «በግራ እጁ ጫማ» ብለው ቀጣዩን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከበሩ ላይ ድምፅ መጣ።

«በቀኙ ነው።»

ሚስቱ ናት። የፈተና ወረቀት ታቅፋ በሩን ተደግፋለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቁም።

«በግራው አይደል እንዴ?» አሉ አባቱ።

«አይደለም፣ አባባ። የጓዳውን በር በግራው ነው የበረገደው። እኔ ነኝ ያየሁት።»

አባቱ ስንኙን በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አድርገው ለኩት። «ይገባል» አሉ።

ሃያሲው «ግራ» የሚለውን አጥፍቶ «ቀኝ» ብሎ ጻፈ። ቀና ሲል ሚስቱ ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከእሱ ትንሽ ፈንጠር ብላ ተቀምጣ ነበር። አባቱ ቀጠሉ፤ እሱም ጻፈ።