ጎይኮ ለማሽን የነገረው ሐሜት

ጎይኮ በሌስኮቫትስ ከተማ የሬዲዮ ማስታወቂያ ሲያነብ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ወሬው ጣፋጭ ነበር፤ ከምላሱ ሌላ ግን ያፈራው ሀብት አልነበረውም። ጣቢያው ሲዘጋ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ባል ወይ ጣሪያ ይጠግናል ወይ ሚስቱን ያሰለቻል፤ ጎይኮ ደግሞ ከፍታ ይፈራል።

አንድ ቀን ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ፣ ጥርሱ እንደ ወተት የነጣ አንድ ጎልማሳ፣ «ኮድ መጻፍ ድሮ ቀረ! የምትፈልጉትን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በተራ ቋንቋ ንገሩት፤ የገበያ አፑን እሱ ይሠራላችኋል» ሲል ሰማ። ጎይኮ ከወንበሩ ተነሣ።

«ዲቭና! ዓለም በመጨረሻ እኔ ጋ መጣች። ዋናው ነገር መናገር ሆኗል!»

«መናገር ከሆነማ አንተ ኢንጂነር ነህ» አለች ሚስቱ፣ ድንች መላጧን ሳታቋርጥ።

እሱ ምርቃት መሰለው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ የዲቭና ታላቅ እህት ፐርሲዳ ሆነች። ፐርሲዳ አይቫር ትሠራለች፤ ቀይ ቃሪያ ተጠብሶ፣ ተልጦ፣ ተፈጭቶ፣ በዘይት ቀስ እያለ የሚበስለውን የዳቦ ማባያ። ችግሩ በዚያ ከተማ አይቫር መሸጥ ለዓሣ ውሃ እንደ መሸጥ ነው። መስከረም ሲጠባ ከየግቢው የቃሪያ ጭስ ይወጣል፤ በዚያ ወር ልብስ የሚያሰጣ ሰው ሸሚዙም ማባያ ይሆንበታል። ስለዚህ ፐርሲዳ የምትፈልገው የዋና ከተማውን የቤልግሬድን ሰው፣ ግቢም ጊዜም የሌለውን ነበር።

«እትዬ፣ ለኔ ተዪው» አላት ጎይኮ። «ገዢው ጥቂት ጥያቄ ይመልሳል፤ አፑ የሚስማማውን ማሰሮ ይመርጥለታል፤ ቅናሽ ይሰጠዋል። ጥያቄ ካለውም እንደ አንቺ ሆኖ ይመልስለታል።»

«እንደ እኔ ሆኖ? እኔኮ አንዳንዴ እሳደባለሁ።»

«እሱን እናለዝበዋለን።»

የመጀመሪያው ትእዛዙ «ቆንጆ አፕ ሥራልኝ» የሚል ነበር። ማሽኑ ወዲያው የቁንጅና ሳሎን አፕ ሠራለት፤ ጥፍር ቀለም ሳይቀር። ጎይኮ ማሽኑን ደደብ ብሎ ሰደበው፤ ማሽኑ ይቅርታ ጠየቀና ስለ ሥራው ዘርዝሮ እንዲነግረው ለመነው። ጎይኮም ዘረዘረ። ስለ ቃሪያው፣ ስለ ፐርሲዳ አነጋገር፣ ስለ ቤልግሬድ ሰው ችኮላ ተናገረ። ሬዲዮው ከተዘጋ ወዲህ ይህን ያህል ያዳመጠው ፍጡር አልነበረም።

ከዚያ ማሽኑ «ተፎካካሪዎቻችሁ እነማን ናቸው? ከእነሱ የምትለዩት በምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጎይኮ ስለ ተፎካካሪ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አላውቅም ማለት ግን አልሆነለትም። ገበያውን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው ተደርጎ እንዳይቆጠር ፈራ። ጣቶቹ እንደ ድሮው ማስታወቂያ በራሳቸው ሮጡ፦ «ለማንም እንዳትናገር እንጂ፣ ሚዜዬ ራዶዬ አይቫሩ ውስጥ ዱባ ይጨምራል።»

ራዶዬ ማለት በሠርጉ ከጎኑ የቆመ፣ ገበያው መሐል አይቫር የሚሸጥ ወዳጁ ነው። ጎይኮ በራዶዬ ቤት ዱባ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ማሽኑ ግን «በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው፤ አመሰግናለሁ» አለው። የጎይኮ ደረት ተነፋ።

አፑ ተጠናቀቀ። ሲከፈት የፐርሲዳ ፎቶ ይስቃል። ጎይኮ «ያቃጥላል?» ብሎ ቢሞክረው፣ «የኔ ልጅ፣ ምላስህን አይልጠውም፤ ግን መኖሩን ታውቀዋለህ» ብሎ መለሰለት። ፐርሲዳ መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አደረገች።

«ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ሌላ ማን ሊሆን ነው እትዬ?»

አፑን በከተማው የፌስቡክ ገጽም ለቀቀው። ከዚያ በኋላ አረማመዱ ተለወጠ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ገበያ ለገበያ መንጎራደድ ጀመረ። ሰው ሁሉ ፈገግ ይልለታል። ዝና እንዲህ ነው ብሎ አሰበ። ሥጋ ሻጩ «ጎይኮ፣ ዘንድሮ ዱባ ስንት ገባ?» ሲለው እንኳ አልገባውም፤ «እኔ የቴክኖሎጂ ሰው ነኝ» ብሎት አለፈ።

ፐርሲዳ ደወለች።

«አንተ ምላሰ ረጅም! የሠራኸው አፕ ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ምን አለ?»

«አንዷ 'ከሌሎቹ በምን ትለያላችሁ?' ብላ ጠየቀችው። ስማ እንግዲህ፣ እያነበብኩልህ ነው፤ 'የኔ ልጅ፣ ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ፣ ራዶዬ ዱባ ይጨምራል። እኛ ቃሪያ ብቻ ነን።' በኔ ፎቶ ሥር፣ ጎይኮ! በኔ ጥርስ!»

ማሽኑ ምስጢሩን ለሁሉም አንድ በአንድ፣ በምስጢር ነግሯል። ጎይኮ ተጣድፎ ትእዛዝ ጻፈ፦ «ስለ ራዶዬ ዱባ ምንም እንዳትል! ይቅርታ ጠይቅ!» አፑ ታዛዥ ነው። ወዲያው መግቢያው ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ! ስለ ራዶዬ ዱባ ምንም አንልም። ይቅርታ እንጠይቃለን።» እስካሁን ያልሰማው ሰው ሁሉ ሰማ። ጎይኮ ላብ እያጠመቀው «ስለ ራዶዬ ጥሩ ነገር ተናገር!» አለው። አፑ ትንሽ አሰበና «ዱባ ለዓይን ጤና ጠቃሚ ነው» ብሎ አከለበት።

«ዝጋው» አለችው ዲቭና ከጀርባው ቆማ።

«እንዴት እንደሚዘጋ አላውቅማ።»

«ዋናው መናገር ነው አላልክም? ጠይቀዋ።»

ጠየቀው። ማሽኑ የሚጫነውን ቁልፍ አሳየው፤ ተጫነውና ተዘጋ።

«አሁን ራዶዬ ጋ ሂድ።»

«መልእክት ልልክለት አስቤ ነበር። ማሽኑ ልብ የሚነካ የይቅርታ ጽሑፍ...»

ዲቭና ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። ጎይኮ ጫማውን አደረገ።

መንገዱን ሁሉ ንግግር ሲያሰማምር ሄደ። ራዶዬ ግቢው ውስጥ እሳት ፊት ተቀምጦ ቃሪያ ያገላብጣል፤ ሚስቱ ስታሜና አጠገቡ ትልጣለች። ራዶዬ አልተነሣም።

«ሚዜዬ፣ እኔ እኮ...»

«ተቀመጥ። ላጥ።»

ጎይኮ ተቀመጠ። ከእሳት የወጣ ቃሪያ ጣት ያንገበግባል፤ ጭማቂው እስከ ክርን ይወርዳል። የሚዜው እጅ ከቃሪያ ወደ ቃሪያ ሲሄድ አየ፣ ያሰማመረው ንግግር ሁሉ ከአፉ ጠፋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ይህ ነው።

«ዱባውን የት አየኸው?» አለ ራዶዬ በመጨረሻ።

«አላየሁም።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አፈርኩ።»

«ማንን አፈርክ?»

ጎይኮ አንገቱን ደፋ። «ማሽኑን።»

ስታሜና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ራዶዬ ግን አልሳቀም።

«አባቴ ሲሞት ስሙን በሬዲዮ ያነበብከው አንተ ነህ» አለ። «ድምፅህ ሲሰበር ከተማው ሁሉ ሰማ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ታነሣ ነበር። በዚያው አፍ ነው ዱባ የጨመርክብኝ?»

ጎይኮ መልስ ፈለገ። ብዙ መልስ መጣለት፤ ሁሉም የተቀባባ ነበር። እየመለሰ ዋጣቸው።

«ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ ራዶዬ» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በቃሪያ እጁ ሊጠርገው ሲል ስታሜና «ተው፣ ትታወራለህ!» ብላ እጁን ያዘችው።

«በቃ፣ ላጥ» አለ ራዶዬ። ድምፁ ግን ትንሽ ላላ ብሎ ነበር።

በገበያ ቀን ጎይኮ በራዶዬ መደብ ፊት ቆመ። በዚያ በሬዲዮ ድምፁ፣ «ወገኖቼ! በዚህ አይቫር ውስጥ ዱባ የለም! ዱባው ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ዱባ ፍለጋ እየተጋፋ ቀመሰ። አንዲት አሮጊት ማንኪያውን ልሰው ከጨረሱ በኋላ፣ «ዱባ ቢገባበት ይሻለው ነበር፤ ጨው በዝቶበታል» አሉ። ራዶዬ ፊቱ ቀላ። ጎይኮ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ ራዶዬም ከንፈሩን መንከሱን አየና ሳቁ ከሁለቱም አንድ ላይ ፈነዳ።

ፐርሲዳ አፑ እንዲከፈት የፈቀደችው እያንዳንዱን ቃል ራሷ ካነበበች በኋላ ነው። «በዓለም አንደኛ» የሚለውን ሰረዘች፤ «ዓለምን የት አውቄ?» አለች። በእሷ ስም የሚያወራው ክፍል ወጣ፤ ጥያቄዎቹና ቅናሹ ብቻ ቀሩ። ከቤልግሬድ ትእዛዝ አንድ ሁለት እያለ መምጣት ጀመረ፤ የሚያስፈነድቅ አልነበረም፣ ግን ይመጣል። ጎይኮ ለአንድ ማር አምራችም ሠራ። ማሽኑ የማያውቀውን ሲጠይቀው ስልኩን ኪሱ ከቶ ሰውየው ቀፎ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ሁለቴ ተነድፏል።

በመጸው መጨረሻ የራዶዬ ቤተሰብ ጠባቂ ቅዱስ በየዓመቱ በድግስ የሚከበርበት ቀን ደረሰ። ለእንዲህ ያለ ቀን ማንም አይጠራም፤ የሚመጣ ይመጣል። ጎይኮን ያስጨነቀው ይኸው ነበር፤ ቢጠሩት ኖሮ ይቅር መባሉን ያውቅ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ክራቫቱን ሲያስተካክል፣ መልሶ ሲያስተካክል፣ ራዶዬ በሩን ከፈተ።

«ምን ትገተራለህ? ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ።»

ማዕዱ ላይ እንግዶቹ ታሪኩን እንዲነግራቸው ለመኑት። ጎይኮ ነገራቸው፤ የቁንጅና ሳሎኑን፣ የዓይን ጤናውን፣ ሁሉንም አወጣው። እንግዳው በሳቀ ቁጥር ራሱን ይበልጥ እያጃጃለ ሄደ። ሲጨርስ ራዶዬ ብርጭቆውን አነሣ።

«አትመኑት» አለ። «ያለው ሁሉ ውሸት ነው። ከዚህም የባሰ ጅል ነበር።»