ለምስክር የተላኩ ሽማግሌዎች

በሩ ሲንኳኳ የከፈተችው ፍቅርተ ናት። ሦስት ሰዎች በቅዳሜ ከሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ ሙሉ ልብስ ለብሰውና ክራቫት አስረው ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለው አፓርታማዋ ደጃፍ ተሰልፈዋል። ከፊት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ኢሳያስ፣ ከኋላቸው አቶ ነጋ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ስማቸውን የማታውቀው አንድ ሽበታም ሰው። ግቡ አለቻቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አለቻቸው፤ አልተቀመጡም።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ኢሳያስ።

ሦስት ሽማግሌ፣ ሙሉ ልብስ፣ "አንቀመጥም"። ፍቅርተ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። የወንድሟ ልጅ እድላዊት ልብስ ወደምታጥፍበት መኝታ ቤት በረረች።

"ተነሽ! ፀጉርሽን አንድ ነገር አድርጊው። ሽማግሌ ተልኮብሻል!"

"ምን?"

"እኔን ነው እንዴ የምትጠይቂኝ? 'ዝምተኛ ናት፣ ሰው አትቀርብም' እያልኩ ሳወራልሽ ለካ አንቺ ውስጥ ውስጡን ጨርሰሻል!"

እድላዊት እየተጎተተች ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ፍቅርተ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ኮስተር አደረገች። የሴት ወገን ቶሎ እሺ አይልም።

"እሺ፣ የማን ልጅ ነው?"

"የመጣነው ስለ ስምዖን ነው" አሉ ጋሽ ኢሳያስ።

"ስምዖን? በስመ አብ! ባለትዳር አይደለም እንዴ?"

አቶ ነጋ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እድላዊት ግን አልሳቀችም። ስሙን እንደሰማች ነገሩ ገብቷታል፤ ጣቶቿም የቀሚሷን ጫፍ መፍተል ጀምረዋል።

ስምዖን ከሁለት ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቆሞ፣ ኮሌጅ ፓርክ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሊሠራ ለታሰበ ሆቴል አክሲዮን የሸጠ ሰው ነው። ሆቴሉ አልተሠራም። ጉዳዩም እየተንከባለለ ሄዶ ዳውንታውን፣ የአክሲዮን ሽያጭ ጥፋቶችን ብቻ ከሚያየው ልዩ ችሎት ዘንድ ደረሰ። ችሎቱ የስምዖንን ሂሳብ አግዷል፤ ምስክሮችንም በመጥሪያ ጠርቷል። ክርክሩ አንድ ነገር ላይ ነው። ስምዖን ያን ቀን ለሰዉ "ሊከስር ይችላል" ብሎ አስጠንቅቋል ወይስ "በፍጹም አይከስርም" ብሎ ቃል ገብቷል? እሱ አስጠንቅቄያለሁ ይላል። የገዙት አላስጠነቀቀንም ይላሉ፤ የእሱ ጠበቃ ደግሞ እነሱ ገንዘባቸውን ፈልገው ነው ይላል። እድላዊት ምንም አልገዛችም። ያን ቀን ግን ከአዳራሹ ጥግ ተቀምጣ፣ አማርኛ ለማይችሉት እዚህ ለተወለዱ ልጆች የስምዖንን ንግግር ቃል በቃል በጆሮ ማዳመጫቸው እየተረጎመች ታስተላልፍ ነበር።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ኢሳያስ፣ አሁንም እንደቆሙ፣ "ስምዖን አጥፍቷል። በጉባኤ ፊት አልቅሶ ንስሐ ገብቷል። ሂሳቡ ከተለቀቀለት የሁሉንም ይመልሳል። ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ይከስሳል ወይ?"

"የከሰሰው መንግሥት ነው ጋሽዬ።"

"የሚመሰክረውስ?"

እድላዊት ዓይኗን ወደ ቀሚሷ ጫፍ መለሰች።

"ዋሺ አንልሽም፤ እሱን እግዚአብሔር ይከልክለን። ሁለት ዓመት አልፎታል። 'በደንብ አላስታውስም' ብትይ ምን አለበት?"

እድላዊት ቀና አላለችም። እሷና አባቷ እዚህ በመጡ በሁለተኛው ዓመት አባቷ ሲሞት ለቅሶ የተቀመጡላት፣ ስትመረቅም በአባት ወንበር የተቀመጡት ጋሽ ኢሳያስ ናቸው። እሳቸውን "አይሆንም" ብላ አታውቅም። አሁንም የወጣላት "አስብበታለሁ" ብቻ ነው። ይህንኑ እንደ እሺታ ቆጠሩት። ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ጸለዩ፤ ፍቅርተ ያቀረበችውን ጭማቂ ጠጥተው መርቀው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ እድላዊት አንድ ቦታ አልረጋ አለች። የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። በሩን ቆልፋ ወጥታ፣ መቆለፏን ለማየት ትመለሳለች። ሰኞ ከሥራ ወጥታ መኪናዋን ልታስነሳ ስትል ለምስክርነት የጠራቻት የመንግሥት ጠበቃ ደወለችላት።

"እንዳትፈሪ" አለቻት። "ይህ ችሎት ማንንም አያስርም። ሂሳብ ያግዳል፣ ይቀጣል፣ ሰውየው ሁለተኛ አክሲዮን እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ምስክር ለማግባባት የሞከረ ሰው ካለ ፋይሉ በቀጥታ ወደ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። እሱ እስር አለው። ለመሆኑ ያነጋገረሽ ሰው አለ?"

"ድራይቭ እያደረግኩ ነው፣ ኮል ባክ ላድርግልሽ" አለች እድላዊት። መኪናዋ ግን እንደቆመች ነበር።

መልሳ የደወለችው ለጠበቃዋ ሳይሆን ለጋሽ ኢሳያስ ነው። "ጋሽዬ፣ የቅዳሜው ነገር እኮ እዚህ አገር..." ብላ ጀመረች። እዚህ አገር ምን? ወንጀል ነው? አርባ ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ለኖሩ ሰው፣ ማስታረቅዎ ያሳስርዎታል እንዴት ይባላል?

"አይዞሽ፣ አትጨነቂ" አሏት አቋርጠው። "ጌታ አንደበትሽን ይምራው። እኔም መጥቼ ከኋላሽ እቀመጣለሁ።"

"ባይመጡ ይሻላል።"

"ብቻሽንማ አልተውሽም" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ረቡዕ ለፍቅርተ ሽሮ ልትገዛ ዶራቪል ወደሚገኘው የሐበሻ ሱቅ ገባች። ኮሌጅ ፓርክ ባለ ሌላ ሆቴል ክፍል የምታጸዳው፣ የስምዖንንም አክሲዮን ከገዙት አንዷ የሆነችው የሺእመቤት ከምስሩ ጆንያ አጠገብ አገኘቻት።

"አንቺ! ሽማግሌ መጣብሽ አሉ! ጥሪው የታል? ወይስ እኛን ሳትጠሪ ልትደግሺ ነው?"

"ኖ፣ ኖ፣ እሱ አይደለም..."

"አውቃለሁ፣ ስቀልድ ነው። እኔም ዘንድ መጥተዋል።" የሺእመቤት ሳቋን ተወች። "ይቅር በይው አሉኝ፤ አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት፣ ጌታ ያውቃል። በነጋታው 'የሺ እኮ ነገሩን ትታዋለች' ብለው አስወሩ። ምኑን ነው የተውኩት? ይቅር ያለ ሰው ምላሱን ይቆርጣል እንዴ?"

"ታዲያ ለምን ለችሎቱ አትናገሪም?"

"በምን እንግሊዝኛዬ? አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።"

እድላዊትን አፍ አለሽ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ወደ ቤቷ ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ሽሮውን ሳትገዛ መውጣቷ ትዝ አላት።

በችሎቱ ቀን ጋሽ ኢሳያስ ያን ሙሉ ልብስ ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ጠበቋት። "በርቺ" ብለው ትከሻዋን ነካ አደረጉ። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ የችሎቱ አስከባሪ ስሟን ጠራ።

ክፍሉ እንዳሰበችው ትልቅ አልነበረም። ስምዖን ከጠበቃው ጎን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እድላዊት እውነቱን ልትናገር ቃል ከገባች በኋላ፣ ጠበቆቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ወደ እሷ ዞረች።

"ማንኛውንም ምስክር የምጠይቀው ነው። እዚህ ስለምትናገሪው ነገር ከጠበቆች ሌላ ያነጋገረሽ ሰው አለ?"

እድላዊት የወንበሩን እጀታ ጨበጠች። የለም ብትል ሐሰት ነው፤ አለ ብትል ደግሞ ማን ተብላ መጠየቋ አይቀርም። ዝም አለች። ዝምታው እየረዘመ ሄደ፤ የስምዖን ጠበቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ ኢሳያስ ተነሥተዋል። ልጅቷ ዓይናፋር ናት፤ ሰው ፊት አትናገርም፤ እገዛ ያስፈልጋታል ብለው ነው። የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው በዝግታ እንግሊዝኛቸው ተናገሩ።

"እኔ ነኝ ክብርት ዳኛ። ሦስት ሆነን ቤቷ ሄደናል። እኛ ሽማግሌዎች ነን። ሥራችን ማስታረቅ ነው።"

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ኩራት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። የስምዖን ጠበቃ ግንባሩን ያዘ። ዳኛዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ ድምፅዋን ግን አላነሳችም።

"ይቀመጡ። ከዚህ በኋላ ያለ ጠበቃ ምንም እንዳይናገሩ እመክራለሁ።" ከዚያ ወደ እድላዊት ተመለሰች። "ምን ነበር ያሉሽ?"

እድላዊት ጋሽ ኢሳያስን አየቻቸው። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ ንገሪያት እንጂ፣ ምን የሚያሳፍር ነገር አለ?

"'በደንብ አላስታውስም' እንድል ጠየቁኝ" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። "ክፉ አስበው አይደለም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው ሰው የሚታረቀው። ወንጀል መሆኑን አያውቁም፤ ልነግራቸው ፈልጌ አልቻልኩም። እኔ ግን አስታውሳለሁ። ከእሱ አፍ እየሰማሁ በራሴ አፍ ለልጆቹ ደግሜዋለሁ። 'በፍጹም አይከስርም፣ እኔ ዋስ ነኝ' ነው ያለው። ማስጠንቀቂያ ቢኖር ኖሮ እተረጉመው ነበር።"

የጋሽ ኢሳያስ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። "ወንጀል" የሚለውን ቃል ሰምተው አጠገባቸው ወደተቀመጡት አቶ ነጋ ዞሩ፤ አቶ ነጋ ግን መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ዳኛዋ ለወንጀል ዐቃቤ ሕግ የሚመራ ማስታወሻ ጽፋ ለአስከባሪው ሰጠችው። እሱም ወደ ኋላ ሄዶ ጋሽ ኢሳያስን በአክብሮት ክንዳቸውን ይዞ ከክፍሉ አስወጣቸው። በሩ ተዘጋ፤ የመንግሥት ጠበቃዋ ብድግ አለች፤ እድላዊትም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የቀሩትን ጥያቄዎች መለሰች።