የዲኤክሷ የቀኝ በር

ሰው መኪናውን ጠዋት ማታ እያጠበ፣ ዘይቱን በሰዓቱ እየቀየረ፣ ጎማው ላይ ጭቃ ባየ ቁጥር እንቅልፍ እያጣ፣ የአንዱን በር የውስጥ ልባስ ግን ማንም እንዳይነካበት የሚከለክለው ለምንድን ነው? ፍቅርአዲስ ከቱርክ ከተመለሰች ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስታመላልሰው ከረመች። መልስ ግን አላገኘችለትም።

ጥያቄው የሚመለከተው ያሳደጓትን የአክስቷን ባል፣ ጋሽ ደምመላሽን ነው። ጋሽ ደምመላሽ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ፣ የአንዲት አሮጌ ነጭ ዲኤክስም ባለቤት ናቸው። መኪናዋ ከውጭ ሲያዩዋት ደብረ ታቦር ውስጥ አቻ የላትም። የፊት ቀኝ በሯ ከውስጥ ሲታይ ግን ያሳፍራል። ልባሱ ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፤ ከታች ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ከእጀታው ሥር የሾለ ሽቦ ብቅ ብሏል። መኪናዋ ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ በሩ ውስጥ አንድ ነገር ቅጭል ቅጭል ይላል።

«ብሎን ነው» ይላሉ ጋሽ ደምመላሽ። ከዚያ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋሉ።

ነገሩ የከረረው አንድ እሑድ ነው። ከቅዳሴ ተመልሰው አክስቷ እትዬ አዛለች ከመኪናው ሊወርዱ ሲሉ ያ ሽቦ አዲሱን ነጠላቸውን ያዘና እስከ ጥለቱ ድረስ ተረተረው። እትዬ አዛለች አልጮኹም። የተቀደደውን ነጠላ አጣጥፈው ባላቸው ጭን ላይ አስቀመጡት።

«ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በባጃጅ ነው።»

«በባጃጅ?»

«በአያሌው ባጃጅ። ወንበሩ እንኳ አበባ አለው።»

«መኪና ደጅ ቆሞ ሚስቴ በባጃጅ ስትሄድ አገር ምን ይላል?»

«አገርማ ነጠላዬን አይቶ ያለውን ብሏል።»

ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ፍቅርአዲስ ሳቋን መያዝ አቃታት። ለእረፍት ብላ የመጣች ልጅ ነች፤ እረፍቱ ካለቀ ቆይቷል። ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር እንደተከፈተ ነው፤ ግማሹ ልብስ ወጥቷል፣ ግማሹ እንደታጠፈ አለ። «ልትሄጅ ነው ወይስ ልትቀሪ?» ብሎ የማይጠይቃት ጎረቤት የለም። እሷም «እናያለን» ትላለች። ያን ሁሉ ዓመት ስትማር ኮምፒውተር ላይ ብዙ ነገር ነድፋለች፤ በእጇ ጀምራ በእጇ የጨረሰችው ነገር ግን ትዝ አይላትም።

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

ጋሽ ደምመላሽ በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት። «አንች የተማርሽው የሞተር ነገር አይደለም እንዴ?»

«የቤት ማሞቂያ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ተይው፣ በሩ አልበረደውም።»

«ሽቦውን ላስወግድ፣ የልባሱን ሰሌዳ ልቀይር፣ ሌላ ምንም አልነካም።»

«በማስቲሽ ለጥፊው። እንዳትፈችው።»

«ሰሌዳው እኮ በስብሷል። ሳልፈታው በምን ላይ ልለጥፈው?»

«እንዳትፈችው አልኩ!»

ጋሽ ደምመላሽ ሲጮኹ ሰምታ አታውቅም። እሳቸውም በድምፃቸው የደነገጡ መሰሉ፤ በሩን ዘግተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

«ነይ እስቲ፣ ድንች አብረን እንላጥ» አሉ እትዬ አዛለች። ድንቹን እየላጡም ነገሩን ከሥሩ ነገሯት።

ጋሽ ደምመላሽ አንድ የልብ ጓደኛ ነበራቸው፤ አቶ ይሻው ይባላሉ። አብረው ተምረው፣ አብረው አርጅተው፣ እድሩን አብረው የመሠረቱ ናቸው። አቶ ይሻው የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ነበሩ። አንድ ክረምት የመምሬ ካሳሁን ቀብር ዕለት ዶፍ ዝናብ ወረደ። ድንኳን ይውጣ ሲባል ቁልፉ ጠፋ። «ጠዋት መኪናህ ውስጥ፣ በሩ ላይ፣ መስታወቱ ሥር አስቀምጨልህ ነግሬህ ወርጃለሁ» አሉ አቶ ይሻው። «አልነገርከኝም፤ እኔም አላየሁም» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። ለቀስተኛው በዝናብ በሰበሰ። በመጨረሻ ጓጉንቸሩ በመጥረቢያ ተሰበረ።

«ጓጉንቸሩስ ተተካ» አሉ እትዬ አዛለች። «የከፋው በኋላ ነው። እድሩ ሲሰበሰብ ሰውየው ብድግ ብሎ፣ ‹መድኃኔ ዓለምን! ያ ቁልፍ መኪናዬ ውስጥ የለም› ብሎ ማለ። ይሻው አንዲት ቃል አልመለሰም። ጋቢውን አነሣና ወጣ። ኋላ እብናት ከተማ ልጁ ዘንድ ገባ። ይኸው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።»

ፍቅርአዲስ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ቅጭልጭሉ መቼ ነው የጀመረው?»

«ከዚያ ክረምት ወዲህ።»

«ጋሼ ያውቃሉ ማለት ነው?»

«አያውቅም። እንዳያውቅ ነው በሩን የሚጠብቀው።»

በማግስቱ የአያሌው ባጃጅ በራፉ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን አንጫረረው። እትዬ አዛለች ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው ወጡ። ጎረቤቱ ሁሉ በየአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። አያሌው አበባማውን ወንበር በመሐረብ እየጠረገ «ይግቡ እማማ፣ ነጠላ የሚቀድድ ነገር የለብንም» ሲል ጋሽ ደምመላሽ ከበረንዳው ተስፈንጥረው ተነሡ።

«ፍችው!» አሉ ፍቅርአዲስን። «ፍችውና ይብቃ!»

እትዬ አዛለች አያሌውን አሰናብተው ጫማቸውን አወለቁ። ፍቅርአዲስ ካቻቪቴዋን ይዛ በሩ ሥር ቁጭ አለች። ብሎኖቹ በቀላሉ ወጡ። የመስታወቱ ማዞሪያ እጀታ ግን እምቢ አለ፤ ከኋላው ትንሽ የሽቦ ቀለበት ይዛዋለች። ስልኳ ላይ ባየችው ዘዴ ጨርቅ ከእጀታው ኋላ አስገብታ ወዲያና ወዲህ ስትስበው ቀለበቷ ጢው ብላ ተወርውራ ሣር ውስጥ ገባች። ሦስቱም ተንበርክከው ፈለጉ። በመጨረሻ እትዬ አዛለች በባዶ እግራቸው ረግጠው «ውይ!» ሲሉ ተገኘች። ከዚያ ልባሱን ከጠርዙ ፈልቀቅ ስታደርገው መያዣዎቹ እንደ ፈንዲሻ ጠሽ ጠሽ እያሉ ለቀቁ፤ ሁለቱ ተሰበሩ። ሰሌዳው እጇ ላይ እንደ ራሰ ካርቶን ተቆራረሰ። ከሥሩ ከጭነት የተንጠባጠበ ገብስ በቅሎ ደርቋል።

«ስንት ዘመን በር መስሎኝ የተቀመጥኩት ማሳ አጠገብ ኖሯል» አሉ እትዬ አዛለች።

ፍቅርአዲስ የበሩን ብረት የሸፈነውን ላስቲክ ገልጣ በብረቱ ቀዳዳ እጇን አስገባች። የውሃ መውረጃው በጭቃ ተደፍኗል። ከጭቃው ላይ ጣቷ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካ፤ ቀጭን ነው፣ ጫፉ ጥርስ አለው፣ ክር ታስሮበታል።

ጋሽ ደምመላሽ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎማ የሚመረምሩ መስለው ቆመዋል። «ብሎን ነው አይደል?» አሉ ሳይዞሩ።

ከጎኗ ሣሩ ላይ የተፈቱት ብሎኖች ተቀምጠዋል። አንዱን አንሥታ «አዎ፣ ይኸው» ብትል ማንም አያውቅባትም። በሩ ዝም ይላል፤ ሽማግሌውም እፎይ ይላሉ። ግን እንዲያ የሚገኝ እፎይታ የማን ነው? እውነቱን ጮክ ብላ መናገርም አስፈራት፤ ዛሬ ነገ እሄዳለሁ የምትል ሰው የሌላውን የዓመታት ነገር ጎትታ አውጥታ ሜዳ ላይ ጥላ ልትሄድ ነው? እጇን ባዶውን መለሰችው።

«አልደረስኩበትም፣ ጋሼ። የአንቱ እጅ ይረዝማል።»

ጋሽ ደምመላሽ ዞሩ። አዩዋት። እጅጌያቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡ። እንዳስገቡት ቆዩ። ከዚያ አወጡት። መዳፋቸው ላይ በመስታወቱ ክፍተት ሾልኮ የወደቀው ቁልፍ፣ ዝገት በልቶት፣ ቀይ ክሩ ከነቋጠሮው።

«አዛለች።»

«አቤት።»

«ይሄ ብሎን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ የብሎን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ።»

«ታውቂ ነበር?»

«መጀመሪያ የተቅጨለጨለ ዕለት።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሬዲዮው ጮኾብኝ ነዋ።»

ጋሽ ደምመላሽ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ጭቃ በነካው እጃቸው ግንባራቸውን ይዘው ሳቁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የሳቅ ይሁን የሌላ ማንም አልጠየቃቸውም።

ለመሐላው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ስግደት ታዘዘባቸውና ጉልበታቸውን እያሻሹ ተመለሱ። ፍቅርአዲስ እስከዚያው አሮጌውን ሰሌዳ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፈች፣ ቆረጠች፣ አንዱን ጎን አበላሽታ እንደገና ቆረጠች። ልባስ ፍለጋ ከተማውን ብትዞር ለበሩ የሚበቃው አንድ ቁራጭ ብቻ ተገኘ፤ እሱም የአያሌውን ወንበር የሰፋው ልብስ ሰፊ ዘንድ፣ ቀይ፣ ባለ ወርቃማ አበባ።

«ነጭ መኪና ላይ?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«እሰይ!» አሉ እትዬ አዛለች። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

ስፖንጁን አነጠፈች፣ ማስቲሹን ቀባች፣ ልባሱን ወጥራ ለጠፈች። እስኪደርቅ ድረስ የጋሽ ደምመላሽ አትላሶች ተደረደሩበት። በመጨረሻ የተሰበሩትን ሁለት መያዣዎች ተክታ፣ በሩ ላይ ገጥማ በመዳፏ ስትመታው ሁሉም መያዣ ቦታው ገባ። እጀታውን አዞረችው፤ መስታወቱ ወጣ፣ ወረደ። ደግማ አዞረችው፤ የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ብቻዋን ሳቀች።

ጋሽ ደምመላሽ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «በቴሌግራም ጻፊልኝ። ‹ክቡር አቶ ይሻው፣ በቅድሚያ የእድራችንን ሰላምታ...›»

«ስብሰባ ልትጠራው ነው?» አሉ እትዬ አዛለች።

የጻፈችውን አስጠፍተው እንደገና ጀመሩ። «‹ይሻው፣ ቁልፉ በመኪናዬ በር ውስጥ ነበር። አንተ ልክ ነበርክ፤ በሐሰት የማልኩት እኔ ነኝ። እሑድ እብናት እመጣለሁ። ካላስገባኸኝ ከደጅ ሰላም ብየህ እመለሳለሁ።›» አንድ ነገር ጨመሩ። «‹በሩ ተሠርቷል› በይው።»

ፍቅርአዲስ ቁልፉን ቀዩ አበባ ላይ አድርጋ ፎቶ አነሣችውና አብራ ላከችው። ምሳ ሳይቀርብ ሁለቱ ምልክቶች ታዩ፤ አቶ ይሻው አንብበውታል። ምሳ ተበላ፤ ስልኩ ዝም። ሳምንቱንም ዝም እንዳለ ከረመ።

«ኔትወርክ ይሆን?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«አይተውታል፣ ጋሼ።»

«ድሮም ሲቆጣ ዝም ነው። ዝም ካለ ገና ተቆጥቷል ማለት ነው። ገና ከተቆጣ ደግሞ አልረሳኝም!» ብለው ጎማቸውን ሊያጥቡ ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእብናትን መንገድ ያዙ። እትዬ አዛለች አዲስ ነጠላ ለብሰው ክርናቸውን አበባው ላይ አሳርፈዋል። «ሦስት በር ይቀርሻል» አሉ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። ፍቅርአዲስ «እናያለን» ልትል አፏን ከፈተችና «ልባሱ ከየት ይገኛል?» አለች።

ቁልቁለቱ ጀመረ። የጋሽ ደምመላሽ እጅ በልማድ ወደ ሬዲዮው ሄደ፤ ሳይደርስ ተመልሶ መሪው ላይ አረፈ። ከበሩ ምንም አይሰማም። ቁልፉ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ፍቅርአዲስ ስልካቸውን ከፈተች፤ መልእክቱ ተነብቦ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ ኋላም አልተሞላም።