የስድስት ቁጥር እናት ዝምታ

የስድስት ቁጥር እናት መናገር አትችልም የሚለው ነገር በሙቀት ክፍሉ ውስጥ ያለ ምንም ክርክር ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። እዚያ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚጠሩት በተኙበት ሳጥን ቁጥር ነው፤ እናቶቻቸውም እንደዚያው። የሦስት ቁጥር እናት ታለቅሳለች፣ የአራት ቁጥር እናት ታንጎላጃለች፣ የስድስት ቁጥር እናት ደግሞ አትናገርም። የቀኗ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት ደልደል ያለች ሴት፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በእጅ ምልክት ታናግራት ጀመር። እጅሽን ታጠቢ፣ ጋውኑን ልበሺ፣ በቀስታ ክፈቺ። ወተት አልበሽ አምጪ የሚለውን በእጇ ለማስረዳት የሞከረች ዕለት የአራት ቁጥር አባት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እውነቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ በሳቅ የሚያፈርስ ነገር ነው። ሴትዮዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ደንበኞቿ ያወጡላት ስም ሬዲዮ ነው። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጆሮዋ ተሸፍኖ የተቀመጠች ሴት እንኳ ከእሷ ወሬ አታመልጥም፤ ከማሽኑ በላይ መጮህ ታውቅበታለች። ማሽኑ ሲጠፋ ደግሞ ምናልባት አልተሰማ ይሆናል ብላ ከመጀመሪያው ትደግመዋለች። ፀጉር ለመተኮስ የመጣች ሴት የጎረቤቶቿን ጠብ፣ የእህቷን እጮኛና የራሷን ምሥጢር ጭምር ሰምታ ትወጣለች። ባሏ አናጢ ነው፤ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ስለሚሠራ ቀኑን ሙሉ አፉ ሥራ ላይ ነው። ማታም ቢሆን «እህ» ከማለት ብዙ አይዘልም። «ለግድግዳ ነው የማወራው፤ ግድግዳም ቢሆን አንዳንዴ ያስተጋባል» ትላለች ለደንበኞቿ።

ታዲያ ይህች ሴት እንዴት ዝም አለች?

ልጁ ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የአንዲት ደንበኛን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ሚስቱን ሊወስድ ስለመጣ ሰውዬ ታወራ ነበር። ሰውዬው በሩ ላይ ሆኖ ቢያይ ሁሉም ሴቶች ጭንቅላታቸው በቢጎዲን ተሞልቷል፤ የትኛዋ የእሱ እንደሆነች ቢቸግረው «ነይ እንሂድ» ብሎ ተጣራ፣ ሁለት ሴቶች ተነሱ። እዚህ ላይ ስትደርስ ወንበሩን ይዛ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ እግሯ ረጠበ። መጀመሪያ የፀጉር ማጠቢያው የፈሰሰ መስሏት ቧንቧውን ሰደበችው። ቧንቧው ንጹሕ ነበር። የሽርት ውሃዋ ነው የፈሰሰው።

ልጁ በማግሥቱ ተወለደ፤ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። አማቷ ሊጠይቋት መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሰው ሲደነግጥ የማይሆን ነገር ከአፉ ያመልጠዋል፣ እሳቸውም አመለጣቸው። «እኔስ ብዬ ነበር፣ ልጄ። ለመንደሩ ሁሉ ስትለፈልፊ ሰምቶ ሰምቶ ወጥቶ ሊያይ ቸኮለ። ዝም አይነቅዝም።» ቀልድ ነበር፣ ወይም ግማሹ ቀልድ ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተኛችው ሴት ቃሉን አንስታ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው። ዓይኗን ጨፍና ማለች። የሆስፒታሉን በር ልጄን ታቅፌ እስክወጣ ድረስ ቃል አልተነፍስም አለች። ለማንም፣ ለባሏም ቢሆን።

ልጁ ደግሞ ትንፋሽ ይረሳል። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆች እንዲህ ናቸው አሏት፤ አንጎላቸው ገና መተንፈስን ሥራዬ ብሎ አልያዘም። ደህና ሲተነፍስ ቆይቶ ቀጥ ይላል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ሲስተር ትመጣና ውስጥ እግሩን በጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች፣ እሱም «አዎ፣ ለካ» እንዳለ ሰው እንደገና ይጀምራል። ሲስተር የስድስት ቁጥር እናት መስማትም አትችልም ብላ ስለጠረጠረች ፊቷ ላይ ሁሉንም ታወራ ነበር። «ስድስት ቁጥር ዛሬ ስድስት ጊዜ ቆመ። ይሄ ልጅ እኔን አላማረኝም» አለች አንድ ቀን ለጓደኛዋ። እናትየው ከንፈሯን ነከሰች። አንድ ሺህ ጥያቄ ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፎ ነበር፣ አንዱንም አላሳለፈችም። ይህ ዝምታ ልጇን የምታድንበት ብቸኛ መድኃኒት መስሏታል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ባሏ ምሳ ሰዓት ላይ የታጠበ ልብስ ይዞላት ሲመጣ ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ያዘችው።

«አባቱ፣ አይክፋዎትና አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለቤትዎ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«የማትናገረው።»

ሰውዬው የሲስተርን አፍ ትኩር ብሎ አየ። ቀጥሎ ግድግዳውን ያዘ። ከዚያ ያ «እህ» ባይ ሰው ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ የሚያልፉ ሰዎች ሐዘን የደረሰበት መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሲስተር መልስ አልጠበቀችም። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ገባች።

«አንቺ! አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጄን ሳወናጭፍ እያየሽ ዝም?»

የስድስት ቁጥር እናት መሐላዋ ጨንቋት ትንሽ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ግድቡ ተናደ። «ሲስተር፣ አትቆጪኝ፣ እኔ ነኝ ያስወለድኩት፣ በአፌ ነው ያስወለድኩት፣ አንድ ሰውዬ ሚስቱን ሊወስድ መጥቶ፣ እኔም ስቄ፣ ስስቅ ደግሞ ፈሰሰ፣ አሁንም ካወራሁ ይሞትብኛል…» ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ወጣ። የአራት ቁጥር እናት ከእንቅልፏ ነቃች።

ሲስተር ካርዱን አወጣች፣ ፊቷ ላይ ዘረጋችው። «አንብቢ። የሽንት ኢንፌክሽን ይላል። ውሃውን ያፈሰሰው እሱ ነው። ወሬ ቢያስወልድማ ኖሮ ማዋለጃ ክፍል መርፌ ለምን እንሰጣለን፤ አንቺን ነበር የምንጠራሽ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰባት ወር ሙሉ ያንቺን ድምፅ ሲሰማ የኖረ ልጅ አሁን የሚሰማው የማሽን ጩኸት ብቻ ነው። አውጪና ደረትሽ ላይ አድርጊው፣ አናግሪው። በቀስታ ግን። ፀጉር ቤት አይደለም።»

ልጁን ደረቷ ላይ ስታስቀምጠው፣ ቆዳው በቆዳዋ ላይ፣ ጭንቅላቱ ከአገጯ ሥር፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታወራው አጣች። ዙሪያዋን አየች። «ኮርኒሱ ላይ እድፍ አለ» አለችው። «ቀለም ቀቢው ሰነፍ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ቀለም ቀቢ ደግሞ…» ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ያስቆማት የለም።

የማሽኑ ጩኸት ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው አለ። ሲስተር ዕድሜው ነው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለች። እናትየው ሁለቱንም በትህትና ሰማች፣ ያመነችውን ግን አመነች። ልጁ የመመገቢያ ቱቦው ወጥቶለት ጡት መሳብ ጀመረ፣ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ነገር ነው። ወደ ቤት የሚሄደው አምስት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይረሳ ከተነፈሰ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከረሳ ቆጠራው ከሀ ይጀምራል። ሲስተር ሳጥኑ ላይ በለጠፈችው ወረቀት በየቀኑ አንድ ጭረት ታደርጋለች።

የመጀመሪያው ቆጠራ በሦስተኛው ቀን ተሰበረ። እናትየው ልብስ ልትቀይር ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ጭረቶቹ ተሰርዘው አገኘች። ከዚያ ወዲያ ቁጭ ባለችበት ቀረች። ጠዋት ታወራለች፣ ከሰዓት ታወራለች፣ ጡት እያጠባች ታወራለች። ሁለተኛው ቆጠራ አራተኛው ጭረት ላይ ደረሰ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ጉሮሮዋ እንደተዘጋ በር ሆኗል። ደግማ ሞከረች፣ የወጣው ትንሽ ነፋስ ነው።

ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ ጉንፋን የለም፣ ደክሞ ነው፣ ዝም ብለሽ አሳርፊው አላት። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ደህና ነበር፣ ልጁም በሰላም ተኝቷል። እሷ ግን ጭረቶቹን ደግማ ቆጠረች። አንድ ቀን ቀርቶት! ስልኳን አውጥታ ለባሏ ጻፈች። «ድምፄ ጠፋ። ቶሎ ና።»

አናጢው የሚሠራውን በር በአንድ ማጠፊያ እንደተንጠለጠለ ትቶት መጣ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ሲስተር እስከ ክርኑ፣ ከዚያም እስከ ትከሻው አሳጠበችው፣ ሸሚዙን አስወልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ልጁን ደረቱ ላይ አደረገችለት። እጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ ልጁ በአንዱ ውስጥ ጠፋ።

«ምን ልበለው?» አላት ሚስቱን። በእጇ መለሰችለት፤ ማንኛውንም ነገር፣ ብቻ አውራ።

ማሽኑን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የምልህ» አለ ለልጁ። ሚስቱ ቀና አለች። ወሬ ስትጀምር እሷ የምትለው እንደዚህ ነው። «አንዲት ሙሽራ አለች፣ ፀጉሯን ቀይ ቀቡኝ ብላ መጣች። እናቷ ደግሞ ጥቁር ይሁን አለች። እናትህ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱንም እሺ አለቻቸው!» ቀጠለ። ከሙሽራዋ ወደ ሙሽራዋ አክስት ሄደ፣ ከአክስትየው ወደ ውሻዋ። የእሷን ማረፊያ ቦታ ሁሉ ያውቀዋል፤ የት ላይ ድምፅ ዝቅ እንደሚል፣ የት ላይ «ወይ ጉድ» እንደሚባል። አክስትየዋን ሁለት ጊዜ ያገባች ናት ሲል እናትየው ሦስት ጊዜ ነው ልትለው አፏን ከፈተች፣ ነፋስ ብቻ ወጣ፣ ተቃጠለች። ስምንት የትዳር ዓመት! ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ ግድግዳ ያልሰማው ነገር የለም።

ወሬው ሲያልቅበት ትንሽ አረፈ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ከእሷ የሰማው አልነበረም።

«የተወለድክ ዕለት ወደ ውስጥ ሲያስገቧት እኔ በር ላይ ቀረሁ። በሩ ጥሩ በር ነው፣ ግን ከሥሩ ክፍተት ተትቷል። በዚያ በኩል ድምፅዋ ይመጣል። አዋላጇን ፀጉርሽን የሚሰባብርብሽ ቆቡ ነው እያለች ትመክራታለች። እኔም እሰይ፣ ደህና ናት አልኩ። ከዚያ አንተ መጣህ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም አለች። ልጁ ይተርፋል ይሉኛል፤ ስለ እሷ ግን ማንም ምንም አይለኝም። እየመጣሁ አያታለሁ፣ አታናግረኝም። እኔ ደግሞ መጠየቅ አልችልበትም። ቤት እገባና ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ የሚሰማ የለም። ልጁ ተርፎ እሷ ብትሄድብኝስ እል ነበር። አንተንስ ሐኪም ይጠብቅሃል። እኔ የፈራሁት ለእሷ ነው።»

ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም፤ ላብ ላብ አለው። እናትየው ዝምታዋን ለልጇ ስትል የከፈለች መስሏት ነበር፤ ድምፅዋን ማን እየተራበ እንደነበር አሁን ገባት። ይቅር በለኝ ልትለው ፈለገች፣ ድምፅ የላትም። ወንበሯን አስጠግታ ግንባሯን የተራቆተ ትከሻው ላይ አደረገች፣ እዚያው ሆና አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ቀለላት። ማሽኑ ከበላያቸው ቁጥሩን እያሳየ ቀጠለ፤ አልጮኸም። ባሏም አላቋረጠም። ማምሻው ላይ ሲስተር ለተረኛዋ ልታስረክብ ስትመጣ ስለ ማጠፊያ ዓይነቶች ለልጁ እያስረዳው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሲስተር አምስተኛውን ጭረት አደረገች፣ ሐኪሙ ፈረመ፣ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ከልጁ ደረት ተላቀቁ። አማቷ ብርድ ልብስ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ያን ዕለት የተናገርኩትን…» ብለው ጀመሩ። እሷ በተሰነጠቀ ድምፅዋ «እማማ፣ ይያዙልኝ» ብላ ልጁን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው፤ አሮጊቷ በብርድ ልብሱ ጠቀለሉት።

ታክሲው ውስጥ ልጁን መልሳ ተቀበለችና ድንገት ፍርሃት ያዛት። ማሽን የለም፣ ቁጥር የለም። ቢረሳ ማን ይጮኻል? «ይተነፍሳል?» አለች ባሏን። አንድ መንገድ ሳይሻገሩ ደግማ ጠየቀች። «ይተነፍሳል?»

«ስሚው» አላት።

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። ልጁ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል፣ ያቃስታል፣ ሲጥ ይላል፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው። «ሕፃኑ ደህና ነው? የሚያመው ነገር አለ እንዴ?»

«ደህና ነው» አለ አናጢው። «እያወራ ነው።»

አማቲቱ ሳቁ፣ እናትየውም ሳቀች፣ ሳቋ ጉሮሮዋን አሳመማት። ልጁ እስከ ቤታቸው በር ድረስ አላቋረጠም፤ ሦስቱም ቃል ሳይተነፍሱ አዳመጡት።