የማይነሣ አቤቱታ

ሸዋወርቅ መጽሐፏን በሰው ስልክ ላይ ያየችው ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቧ የተቀመጠች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ሒሳብ ትሠራለች። ሸዋወርቅ ዐይኗን ጣል ስታደርግ ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ አራትን ለየችው። በጎቹን ለሦስት ልጆቹ ስለሚያካፍል አባት ነው የሚያወራው፤ ጣርማ በር ስታስተምር ከአንድ ተማሪ አባት ሰምታ ያዘጋጀችው።

“ልጄ፣ ይሄን ከየት አገኘሽው?”

“ከቴሌግራም ነው፣ እትዬ። የትምህርት ቻናል አለ። መጽሐፉ ሙሉውን ተለቆበታል።”

ሸዋወርቅ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራ ጡረታ የወጣች የአንኮበር መምህርት ናት። የሒሳብ መለማመጃውን ለማዘጋጀት አራት ዓመት ፈጅቶባታል። ያሳተመችውም በራሷ ነው፤ ግማሹ እስካሁን በካርቶን ታስሮ አልጋዋ ሥር አለ። ልጅቷ ቻናሉን እንድታሳያት ጠየቀቻትና በራሷ ስልክ ገባችበት። ገጾቹ አንድ በአንድ ፎቶ ተነሥተዋል። በአንዱ ገጽ ጥግ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ይታያል። ያ አውራ ጣት ከምንም በላይ አናደዳት።

ደብረ ብርሃን እንደወረደች ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄደች። የተቀበላት ጌታሁን የሚባል፣ ከኮቱ ሥር ሹራብ የደረበ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

“በቅጂ መብት አቤት የሚል ሰው እዚህ አይመጣም። ደግ አደረጉ መምህርት” አላት።

ስልኩን አውጥቶ ቻናሉን ከፈተ። መጽሐፏ ጋ ሲደርስ ግን አልቆመም። ጣቱን እያንሸራተተ ወደ ቆዩት መልእክቶች ሄደ፤ አንዳንዱን እያነበበ ረዥም ጊዜ ቆየ።

“ስድስት ሺህ አባል አለው” አለ። “ማመልከቻ ይጻፉልኝ። ዛሬውኑ።”

ጻፈች፣ ፈረመች። ወደ አንኮበር ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር፤ በዚህ ዕድሜዋ ቢሮ ገብታ የተሰማች ያህል ተሰማት።

በስድስተኛው ቀን ቻናሉ ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

“መምህርት ሸዋወርቅ ነዎት? ቁጥርዎን ከመጽሐፉ ጀርባ ነው ያገኘሁት። ፍቅርተ እባላለሁ። የቴዎፍሎስ ባለቤት ነኝ።”

“ቴዎፍሎስ ማን ነው?”

“መጽሐፍዎን የለቀቀው። አስተማሪ ነው፤ ከወለጋ ተፈናቅለን ደብረ ብርሃን መጠለያ ነው ያለነው። ማክሰኞ ልጆች ሲያስተምር ወሰዱት። ስልኩንም ወሰዱ። ‘ያመለከተችው መምህርቷ ናት’ አሉን። መጽሐፉ ያስቀየመዎት ከሆነ በልጆቼ ይሁንብዎ፣ ይቅር ይበሉት። ቻናሉ እኮ ለትምህርት ብቻ አልነበረም። የጠፋ ዘመድ የምንፈልግበት ነው። የሰው ስም፣ የወጣበት ቀበሌ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ ይጻፍበታል። እኔ እህቴን በዚያ ነው ያገኘኋት።”

ሸዋወርቅ ምን ብላ እንደመለሰች በኋላ አላስታወሰችም። ስልኩን ዘግታ ደጃፏ ላይ ቆማ ቀረች። እሷ የፈለገችው አንድ ሰው ጠርተው ገጾቹን አጥፋ እንዲሉት ነበር። ሰው ይታሰርልኝ ብላ አልጻፈችም። ወይስ ጽፋለች? “ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድልኝ” የሚለው ትዝ አላት። ቃሉን ያቀበላት ጌታሁን ነበር፤ የጻፈው እጅ ግን የእሷ ነው።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደች። ኬላው ላይ ወርደው መታወቂያ ሲያሳዩ፣ ፈታሹ የእሷን ከሌላው ሰው ይልቅ አተኩሮ ያየው መሰላት።

“ማመልከቻዬን ላነሣ መጥቻለሁ” አለችው ጌታሁንን፣ ገና ሳትቀመጥ።

“መምህርት፣ ተመዝግቦ ቁጥር ወጥቶለታል። አሁን የእርስዎ ብቻ አይደለም።”

“መጽሐፉ የእኔ ነው።”

“መጽሐፉማ የእርስዎ ነው።” ፈገግ አለ። “እኛ የምናየው ሌላ ነው። በዚህ ጊዜ ስድስት ሺህ ሰው ተሰብስቦ ስም ሲጻጻፍ፣ ማን የት እንዳለ ሲነጋገር፣ እነማን እንደሆኑ ማወቅ የለብንም?”

“የጠፋባቸውን ሰው ነው የሚፈልጉት።”

“ሊሆን ይችላል።”

መሳቢያውን ከፍቶ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አቀረበላት። ከላይ የእሷ ስም አለ። ቻናሉን ስትመረምር የሕዝብን ሰላም የሚያውኩ መልእክቶች ሲተላለፉበት እንዳየች ይናገራል። የፈተና ወረቀት እንደምታርም ሁሉ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“ይሄን እኔ አላየሁም።”

“ቻናሉ ውስጥ ገብተው አልነበረም?”

“መጽሐፌን ለማየት ነው የገባሁት።”

“እንግዲያው እርስዎም አባል ነበሩ ማለት ነው።”

ይሄን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሸዋወርቅ ግን ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ትዝ አላትና ቦርሳውን ሳታስበው ወደ ጉያዋ ሳበችው። ወረቀቱን ቤት ወስዳ ረጋ ብላ እንድታነበው ጠየቀችው፤ ከቢሮ አይወጣም አላት። ቢፈርሙልን ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል፣ እርስዎም ያርፋሉ ብሎ እስክርቢቶ ሰጣት።

ተቀበለችው። ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ሰሌዳ ላይ ትጽፍበት በነበረው ጽሕፈት፣ “ከመጽሐፌ በቀር ሌላ ያየሁት የለም። አቤቱታዬን አንሥቻለሁ” ብላ ጻፈች። ቀኑን አሰፈረች፤ ፈረመች።

ጌታሁን ወረቀቱን አንሥቶ ለረዥም ጊዜ ተመለከተው።

“አበላሹት” አላት። “ስልክዎን እንዳይዘጉ። እንፈልግዎ ይሆናል።”

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ሁለት ጊዜ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት፤ ስታነሣው የሚናገር የለም። ስልኳ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የጎረቤቷ ልጅ የላከላትን የሠርግ ቪዲዮ ሳይቀር፣ አጠፋች። ቡዳ በላሽ ወይ እስኪሏት ድረስ ከሳች። ቴዎፍሎስ ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ቀን ሁሉ ግን ሄዳለች፤ ከኋላ ወንበር ከፍቅርተ ጎን ትቀመጣለች። መጀመሪያ ፍቅርተ ሰላምታዋን በአንገቷ ብቻ ነበር የምትመልሰው።

በታሰረ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ዳኛው ከአመልካቿ ጽሑፍ ሌላ የቀረበ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ምርመራው አላለቀም ተባለ። ዳኛው በሰው ዋስ ይውጣ አሉ። ፍቅርተ ከመጠለያው ሰዎች ሌላ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ሸዋወርቅ ብድግ አለች።

“አመልካቿ እርስዎ አይደሉም እንዴ?” አሉ ዳኛው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

“እኔ ነኝ።”

“ዋሱም እርስዎ?”

“አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።”

የሳቁ ነበሩ። ዳኛው ግን ጻፉ።

ግቢው ውስጥ ቴዎፍሎስ ቀረባት። ቀጭን፣ ከጠበቀችው በላይ ወጣት ነው።

“መጽሐፍዎን ሳላስፈቅድ ለቅቄያለሁ” አለ። “ለአርባ ልጅ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር ያለን። ቢሆንም ጥፋት ነው፤ መደወል እችል ነበር።”

“እኔም አንተኑ መጠየቅ እችል ነበር” አለችው። “ስሞቹስ?”

“ስልኩ ኤግዚቢት ተብሎ ተይዟል። አይመልሱልኝም። ሌላ ቦታ አልገለበጥኳቸውም።” ወደ መሬት አየ። “አሁን ደግሞ እነሱ እጅ ናቸው። ይሄን ሳስበው ነው የከረምኩት።”

በቀጣዩ ቅዳሜ ካርቶኖቹን በሚኒባስ አስጭና መጠለያው ሄደች። መጽሐፎቹን ለቴዎፍሎስ ተማሪዎች አደለች። ከዚያ ባዶ ደብተር ይዛ በአንድ ድንኳን ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ የጠፋበት ሰው ያለው እየመጣ ያስጽፍ ተባለ። በቻናሉ ላይ አራት መቶ ያህል ስም ነበር። ያን ቀን የመጣው ከሃያ አይበልጥም። ሌሎቹ በሩቁ ቆመው ያያሉ፤ አንዳንዶቹ እሷ ማን እንደሆነች ሰምተዋል።

አንድ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ቀርበው ተመለሱ። በሦስተኛው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

“ልጄ፣ ይሄ ደብተር የት ነው የሚያድረው?”

“ቴዎፍሎስ ጋ ነው፣ አባባ። ከዚህ አይወጣም።”

“ቢመጡና ቢወስዱትስ?”

ሸዋወርቅ አይወስዱትም ልትል ፈለገች፤ አልቻለችም።

“ሊወስዱት ይችላሉ” አለች።

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የልጃቸውን ስም፣ ዕድሜዋን፣ ለብሳው የነበረውን የቀሚስ ቀለም ነገሯት። የአባቷን ስም፣ የራሳቸውን ማለት ነው፣ ስትጠይቃቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። እሱ ይቅር አሉና ተነሥተው ሄዱ።